ከእሳት በኋላ

በቦረና የግጦሽ መሬት እሳት ካለፈ በኋላ የምታዩት ጥቁር ዐመድ ነው። ይሁን እንጂ «ምድሪቱ ሞተች» ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። የብዙዎቹ ሣሮች ሥር ከአፈር በታች ስለሚተርፍ ዝናብ ሲጥል እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ ለጋው ሣርም ከብቱንና የሜዳ አህያውን ይስባል። ስለዚህ አጥኚው አንድ ጊዜ አይቶ አይመለስም። የተቃጠለውንና ያልተቃጠለውን ቦታ በችካል ለይቶ፣ በበጋም በዝናብም ወራት እየተመላለሰ ዕፀዋቱን ይቈጥራል፤ የእንስሳቱን ዱካና ፋንድያ ይመዘግባል።

የቦረና አርብቶ አደሮች ቍጥቋጦንና መዥገርን ለመቀነስ ሜዳውን በእሳት ያጸዱ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ እሳት መልቀቅ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተዳምሮ፣ የግራር ቍጥቋጦ የሣሩን ቦታ እያጠበበ ሄደ። እንግዲህ እሳት የትና መቼ እንደሚጠቅም፣ የትና መቼም እንደሚጎዳ በትክክል ለመናገር የሚቻለው እንዲህ ባለ በየወቅቱ በተያዘ መዝገብ ነው።