ያውቁ ኖሯል? አንዴ የሚገባ፣ አንዴ እምቢ የሚል ማርሽ

ጭራሽ የተበላሸ ዕቃ ጉዳቱን አይደብቅም። የሚያስቸግረው ትናንት መንገድ ላይ እምቢ ብሎ፣ ዛሬ መካኒክ ፊት ሲቆም ደህና የሚሆነው ነው። አውቶማቲክ ሞተር ሳይክል እንዲህ ሲያደርግ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ካምቢዮውን ነው። ካምቢዮ ማስፈታት ግን ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ እዚያ አይገኝም። ከመፍታትዎ በፊት እነዚህን ይወቁ።

• «አውቶማቲክ» የሚለው ስም ብዙ ዓይነት አሠራር እንደሚሸፍን ያውቁ ኖሯል? ስኩተር በቺንጊያ ይሄዳል። የሆንዳ ሱፐር ከብ የሞተሩ ዙር ሲጨምር በራሱ የሚይዝ ፍሪሲዮን አለው። የሆንዳ ዲ.ሲ.ቲ. ሁለት ፍሪሲዮን ይጠቀማል። በ2024 የወጣው የያማሃ ዋይ-ኤ.ኤም.ቲ. ደግሞ አንዱ ፍሪሲዮኑን፣ ሌላው ማርሹን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉት። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእኔ የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

• ሱፐር ከብ በጃፓን ለገበያ የቀረበው በ1958 ነው። የዛሬዎቹ ስኩተሮች የሚመስሉት የቺንጊያ አሠራር የተገጠመለት የሆላንዱ ዳፍ 600 መኪናም ለሕዝብ የታየው በዚያው ዓመት ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2017 የሱፐር ከብ ምርት 100 ሚሊዮን ደርሷል።

• የሱፐር ከብና የዘመዶቹ ማርሽ ሲከብድ ወይም ሲንቋቋ፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንዲት ቪቴ ናት። በእነዚህ ሞተሮች የማርሹ ፔዳል ራሱ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ መጠኑን የምትወስነው በሞተሩ የቀኝ ክዳን ላይ ያለችው ማስተካከያ ናት። አሠራሩ ይህ ነው፦ መቆለፊያ ዳዶዋን ያላሉ። ቪቴዋን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመልሷት፤ ጣትዎ ላይ ትንሽ ስትከብድ ያቁሙ። እንደገና ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ያስኪዱና ቪቴዋ እንዳትዞር ይዘው ዳዶዋን ያጥብቁ። ሚኒሞው ከፍ ብሎ ከሆነም ይቀንሱት፤ ዙር ሲበዛ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ወደፊት ይዘላል።

• ስኩተር የሚቀየር ማርሽ እንደሌለው ያውቁ ኖሯል? «ማርሽ አልቀይር አለኝ» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ፑሌጃው ውስጥ ካሉት ሮለሮች የሚመጣ ነው። ክብ የነበረው ሮለር በአንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ መንከባለሉን ትቶ አንድ ቦታ ላይ ይያዝና በድንገት ይለቃል። ነጂውም ፍጥነቱ ቆሞ ቆሞ ሲዘል ይሰማዋል።

• በ1976 የወጣው ሆንዳ ሲቢ750ኤ እና ከዓመት በፊት የቀደመው የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ኮንቨርት የፍሪሲዮኑን ሥራ ለዘይት የሰጡ፣ ባለ ሁለት ማርሽ ሞተሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ ሁለቱን ማርሾች የሚለዋውጠው ነጂው ራሱ በእግሩ ነበር።

• ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በፋብሪካ ሞተር ሳይክል ላይ የተገጠመው በሆንዳ ቪኤፍአር1200ኤፍ ነው፤ ሆንዳ ይህን ያስተዋወቀው በ2009 ነበር። አንዱ ፍሪሲዮን 1ኛን፣ 3ኛንና 5ኛን ይይዛል፤ ሌላው 2ኛን፣ 4ኛንና 6ኛን። ይህ ለመርማሪ ትልቅ ፍንጭ ነው። የሚንሸራተተው በጎዶሎዎቹ ማርሾች ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ወገን ያለውን ፍሪሲዮን፣ ዘይት የሚልክለትን ቫልቭና የግፊት ሴንሰሩን ይጠርጥሩ። በሁሉም ማርሽ ከሆነ ግን ሁለቱም ወደሚጋሩት ይሂዱ፦ ወደ ዘይቱ፣ ወደ ባትሪውና ወደ ሽቦው።

• የዲ.ሲ.ቲ. ፍሪሲዮን የሚይዘው በራሱ በሞተሩ ዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊት የለም፤ ፍሪሲዮኖቹም ይለቃሉ። ባትሪ ሲደክም ገፍቶ ማስነሳት የማይቻለውና ዳገት ላይ ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

• ስለዚህ የዘይት ጉድለት የማርሽ ጉድለት ይሆናል። ዘይቱ ሲያንስ ሞተሩ ሲያዘነብል ወይም ኃይለኛ ፍሬን ሲያዝ ፖምፓው አየር ሊስብ ይችላል፤ ግፊቱ ለአፍታ ይወርድና ይመለሳል። ሲበዛም ዘይቱ አረፋ ይሠራል። በዲ.ሲ.ቲ. ሞተር ልኩን ለማየት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ያሠሩት፣ አጥፍተው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው ይመልከቱ።

• ዲ.ሲ.ቲ. ሁለት የዘይት ፊልትሮ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የፍሪሲዮኑ ነው። ሁለተኛውን የማያውቅ ሰው ዘይት በለወጠ ቁጥር አሮጌውን እዚያው ይተወዋል።

• የዘይት ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይስ «ጃሶ ኤምቢ» ተብሎ እንደተጻፈ ያንብቡ። ኤምኤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ነው። ኤምቢ ይበልጥ አንሸራታች ስለሆነ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ በሚሠራ ሞተር ላይ በስህተት ከተጨመረ ደህናውን ፍሪሲዮን ያንሸራትታል።

• ዲ.ሲ.ቲ. ከዜሮ ማርሽ አልወጣ ሲል ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። የጎን መቆሚያው ከወረደ፣ ጋዝ ከተያዘ ወይም ጎማው እየዞረ ከሆነ ሆን ብሎ እምቢ ይላል። ጭቃ የያዘው የመቆሚያ ማብሪያ ግን መቆሚያው ተነስቶም «ወርዷል» ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ አጥበው ይሞክሩት።

• ዳሽቦርዱ ላይ በማርሽ ቁጥሩ ቦታ የሰረዝ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ሥርዓቱ ችግር አይቷል ማለት ነው። የፊት ጎማ ከመሬት ሲነሳ ወይም ሞተሩ በመቆሚያ ቆሞ ጎማው ሲዞርም ይህ ምልክት ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ቁልፉን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። እየነዱ ሳለ ከመጣ ግን ዳር ይያዙና ያቁሙ።

• ባትሪውን በቴስተር ይለኩ። ሞልቶ ያረፈ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ሲያስነሱ ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ካምቢዮውን ከመውቀስዎ በፊት ባትሪውን ያስፈትሹ፤ ኮምፒዩተሩም የማርሽ ሞተሮቹም የሚሠሩት በእሱ ነው።

• ደህና የሚመስል ሽቦ እንዴት እንደሚያታልል ያውቁ ኖሯል? ላስቲኩን ገፈፍ አድርገው ሲያዩት ከመዳብ ክሮቹ አብዛኞቹ ተበጥሰው አንዷ ብቻ ልትቀር ትችላለች። ቴስተሩ በዚያች አንድ ክር «ይገናኛል» ይላል፤ ማርሽ የሚቀይረው ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ሲጠይቅ ግን አትችልም። መሪው ሲዞር የሚታጠፈውን የሽቦ ጥቅል በእጅዎ እያወዛወዙ ይፈትሹ። ሶኬቶቹን ነቅለው ውስጣቸውን ይመልከቱ፤ ፒኑ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውኃ ገብቷል። ከባትሪ ወደ ሻንሲ የሚሄደው የማሳ ሽቦ ቡሎን መጥበቁንም አይርሱ።

• ኮምፒዩተሩ የጥፋቱን ኮድ ይመዘግባል። ኮዱ ሳይነበብ እንዲጠፋ አይፍቀዱ፤ ቢጠፋ ብልሽቱ አይድንም፣ ምስክሩ ግን ይሄዳል።

አንባቢ ሆይ፣ ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ወረቀትና እርሳስ ነው። ማርሹ እምቢ ባለ ቁጥር አራት ነገር ይጻፉ፦ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ? ከስንተኛ ወደ ስንተኛ ማርሽ ሲሄድ? ዝናብ ወይም እጥበት ነበር? ዳሽቦርዱ ምን አሳየ? ከአምስት ወይም ከስድስት ጊዜ በኋላ አንድ የሚደጋገም ነገር ያገኛሉ። ያንን ወረቀት ለመካኒክዎ ይስጡ። ከካምቢዮው በፊት ዘይቱ፣ ባትሪውና ሽቦው ይታዩ፤ ካምቢዮ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው።