የጦጣዎቹ ፉከራ

ልጆችዎ የሱፐር ማሪዮን ፊልም ደጋግመው ከሚያዩት ወገን ከሆኑ፣ አንድ ግዙፍ ጎሪላ በጩኸት ወደተሞላው የፍልሚያ ሜዳ ሲገባ የሚሰማውን ራፕ እርስዎም ከኩሽና ሆነው ሳያስቡት ለምደውት ይሆናል። ፊልሙ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2023 ነው። ዘፈኑ ግን ከልጆችዎ በዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም።

ስሙ «ዲ ኬ ራፕ» ይባላል። የተሠራው በ1999 ኒንቴንዶ 64 ለተባለው የጌም ማጫወቻ ለወጣው «ዶንኪ ኮንግ 64» ማስተዋወቂያ እንዲሆን ነው። ጌሙን ያዘጋጀው ሬር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሲሆን፣ ዜማው የግራንት ከርክሆፕ፣ ግጥሙ ደግሞ የጌሙ ዳይሬክተር የጆርጅ አንድሪያስ ነው። (ልጅዎ «ጎሪላው ለምን ዶንኪ ተባለ?» ብሎ ከጠየቀዎት፣ ስሙን በ1981 ያወጡት ጃፓናውያን ቃሉን የመረጡት አህያነቱን ሳይሆን ግትርነቱን አስበው ነው።)

ጌሙ ሲከፈት፣ ተጫዋቹ ገና አንድም ነገር ሳይነካ፣ አምስት ፍጥረታት እየጨፈሩ ብቅ ይላሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አንጓ ተገጥሞላቸዋል፤ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚችሉ ይነገርላቸዋል። እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፎካሪ ብድግ ብሎ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ውሎ ምን እንደጣለ ሲናገር ሰምተን አድገናል። እዚህ ግን የሚፎከርላቸው በሌላ ሰው አፍ ነው፤ ከሙገሳው መሐልም ሽሙጥ ተሸጉጧል።

አለቃው ዶንኪ ኮንግ ነው፤ ጥይቱ ኮኮናት የሆነ ጠመንጃ ይዟል። ታይኒ የተባለችው ትንሽ ልጅ እንደ ስሟ ሰውነቷን አሳንሳ በጠባብ ቀዳዳ ትሾልካለች። ላንኪ እጁ መሬት ሊነካ የደረሰ ኦራንጉታን ነው፤ በእጆቹ ቆሞ ይሄዳል፣ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይንሳፈፋል፤ ግጥሙ መልኩን ሳይቀር ያሾፍበታል። ዲዲ በጀርባው በርሜል አስሮ እንደ ሮኬት ይበራል። የመጨረሻው ቸንኪ ትልቅ ቋጥኝ የሚያነሳ ጉልበተኛ ነው።

ቀልዱ ግን በግጥሙ ብቻ አያልቅም። ለአምስቱም የሙዚቃ መሣሪያ ታድሏቸዋል፤ ለዶንኪ ከበሮ፣ ለዲዲ ጊታር፣ ለላንኪ ትሮምቦን፣ ለታይኒ ሳክስፎን። ቋጥኝ ለሚያነሳው ለቸንኪ የደረሰው ትሪያንግል ነው፤ ያ በትንሽ ዘንግ ሲመቱት ቅጭል የሚለው ብረት! ደግሞም ጉልበተኛው ቸንኪ ፈሪ ነው። ተጫዋቹ ሊመርጠው ሲመጣ ይሸማቀቅና ሌሎቹን ይጠቁማል። በየቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አይጠፋም፤ ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም ረጅም ሆኖ መርፌ ሲያይ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የሚደበቅ።

ዘፈኑ ቀላል የማይባል ሥራም ይሠራል። ጌሙ ሲጀመር ነፃ የሆነው ዶንኪ ብቻ ነው፤ አራቱ ተይዘዋል፣ አንድ በአንድ ማስፈታት ያስፈልጋል። ሁሉም ካልተሰበሰቡ ደግሞ የትም አይደረስም፤ ከ201ዱ የወርቅ ሙዞች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚያገኟቸው አሉና። ልጁ ገና ያላገኛቸውን ጓደኞች ሙያ ከዘፈኑ ተምሮ ይጠብቃቸዋል። ገጽ በገጽ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ ማንም ልጅ በቃሉ አይዝም፤ ይህን ግን ይዘውታል።

ያም ሆኖ ዘፈኑ ሲወጣ ብዙ ሰው አፌዘበት። ከጌም ሙዚቃዎች ሁሉ መጥፎ ከሚባሉት ተርታ የመደቡትም ነበሩ። ከርክሆፕ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ እንዳስረዳው፣ ነገሩ ከመነሻው ቀልድ ነበር። ሰው ግን ከምር ራፕ ለመሥራት ተሞክሮ ያልተሳካ አድርጎ ወሰደው። ለእኔ ስሕተቱ የሰሚው ነው፤ ትሪያንግል የሚመታ ጎሪላ እያዩ ቁም ነገር መጠበቅ ምን ይባላል?

ጊዜ ግን ፈረደ። በልጅነታቸው የሳቁበት ሰዎች አድገው በናፍቆት ይዘፍኑት ጀመር፤ በመጨረሻም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ፊልም ውስጥ ገባ። ከርክሆፕ ስሙን በትልቁ ስክሪን ላይ ለማየት ጓጉቶ እንደነበር ተናግሯል። በፊልሙ መጨረሻ በሚወርደው ዝርዝር፣ እኛ ፋንዲሻችንን አራግፈን ወደ በሩ በምንሄድበት ሰዓት፣ የተጻፈው ግን ዘፈኑ የተወሰደበት ጌም ስም ብቻ ነበር። የእርሱ ስም የለም። ቅር መሰኘቱን በአደባባይ ገለጸ። ተቀጣሪ ሆኖ ለሠራው ዘፈን የባለቤትነት መብቱ የድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። ስም መጻፍ ግን ስንት ፊደል ይፈጃል? ከሃያ ዓመት በላይ ሲፌዝበት የስድቡ ባለቤት እርሱ ነበር፤ የጭብጨባው ጊዜ ሲመጣ ባለቤት ጠፋ።

ዘፈኑን ከልጆችዎ ጋር የሚያዳምጡ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ አንዲት ቀለል ያለች የእርግማን ቃል እንዳለች ይወቁ። ሰባራ ሰንጣራ ሳያበዙ በእርጋታ ቢያልፏት ይሻላል፤ ከተቆጡማ ከሁሉ ቀድማ የምትሸመደደው እሷ ናት።

ከዚያ ይልቅ መብራት የጠፋበት አንድ ምሽት ላይ የራሳችሁን ግጠሙ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አራት ስንኝ ይበቃል፤ አንድ ሙያና አንድ ጉድ የግድ መግባት አለበት። ጉዱ ባለቤቱን ራሱን የሚያስቅ እንጂ የሚያስለቅስ አይሁን። ስለዚህ ከትንሹ ልጅ አይጀመርም፤ የመጀመሪያው አንጓ ለአባወራው ይውጣለት፤ ሪሞት በእጁ ይዞ ሪሞት የሚፈልግ ከሆነ ግጥሙ ግማሽ ተሠራ ማለት ነው። ቀጥሎ እማወራዋ፣ ከዚያ አያት ካሉ አያት፤ እርሳቸው እንዲያውም የፉከራውን ወግ ከሁላችሁም በተሻለ ሳያውቁት አይቀርም። ደህና ስንኝ ሲወጣ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ከሥሩም የገጠመው ልጅ ስም ይጻፍበት። ትሪያንግል ባይኖር ማንኪያና ብርጭቆ ይበቃል።