ከቡፌው ሥር የተረሳችው አስናቀች

የበዓል ጽዳት ሲነሣ ከቤት እንዲወጡ ከሚፈረድባቸው ዕቃዎች መካከል አሮጌ የቪዲዮ ካሴት አንዱ ነው። ዴኩ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቹም ምንነቱን አያውቁትም፤ ቡፌው ሥር ተቀምጦ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር የሚሰጠው ጥቅም ያለ አይመስልም። ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎም ካሴቶቹን በማዳበሪያ ከተው ለቆራሌው ለመስጠት አስበው ከሆነ እባክዎ አንድ ቀን ይታገሡ። በውስጣቸው አስናቀች ወርቁ ትኖር ይሆናል።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን በቀለም ማሰራጨት የጀመረው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ነው። ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለው የቪዲዮ ካሴት ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ጥቂት ቆይቶም ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ወይም አቅም የነበራቸው የከተማችን ቤተሰቦች ዴክ ገዝተው የእንቁጣጣሽንና የገናን ዝግጅት ከቴሌቪዥን ይቀዱ ጀመር። ብዙዎቹ የቀዱት ለታሪክ ብለው አልነበረም። ማታ ተረኛ ለሆነ ባል፣ ወጥ ቤት ሆና ዝግጅቱ ላመለጣት እናት፣ ወይም ቴሌቪዥን ለሌለው ጎረቤት ብለው ነው።

አስናቀችን ለእርስዎ ማስተዋወቅ ላያስፈልግ ይችላል፤ ለልጆችዎ ግን ሳያስፈልግ አይቀርም። በመድረክ ላይ የሴትን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ ወደ ቴአትር ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች። በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለብዙ ዓመታት በተዋናይነትም በድምፃዊነትም ሠርታለች። ክራር ይዛ የምትዘፍን ሴት በበጎ ዓይን በማትታይበት ዘመን ክራሯን ይዛ፣ አምራና ተውባ፣ ቀና ብላ አደባባይ የወጣች ሴት ናት። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አርፋለች። የክራር ዜማዎቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም 16ኛ ቁጥር ሆነው በፈረንሣይ አገር በሲዲ ታትመዋል። ራሔል ሳሙኤልም «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠርታላታለች።

ታዲያ ሲዲው ካለ ካሴቱ ለምን ይፈለጋል? ይባል ይሆናል። ክራርና ማሲንቆ ተጫዋች ግጥሙን አንዴ ጽፎ ዕድሜ ልኩን የሚደግም አይደለም። ቤቱን አይቶ፣ ታዳሚውን አይቶ፣ የዕለቱን ወሬ ሰምቶ ስንኝ ይጥላል፤ ያው ዜማ ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ ነው። አስናቀችም በዚህ ጨዋታዋ ትታወቅ ነበር። ስለዚህ በአንድ የበዓል ምሽት በቴሌቪዥን የጣለችው ስንኝ በየትኛውም ሸክላ ላይ ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛም አስናቀች ተዋናይት ናት። ግጥሙን ግማሹን በአፏ፣ ግማሹን በዓይኗ ነው የምትናገረው። ሰሙን በድምፅ ሰጥታ ወርቁን በቅንድቧ ስትጠቁም ማየት እንጂ መስማት ብቻ አይበቃም።

በቅርቡ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ተገኝቼ አንድ ካሴት ሲገለበጥ አይቼ ነበር። በጀርባው ላይ የተጻፈው የታናሽ እኅታቸው ሠርግ መሆኑን ነው። ሠርጉ አልቆ ሁላችንም ልንነሣ ስንል መስኮቱ ነጭ በነጭ ሆነና አስናቀች ክራሯን ደረቷ ላይ አስደግፋ ብቅ አለች። አራት ደቂቃ ያህል አየናት። ከዚያ በኋላ አንድ የካራቴ ፊልም ጀመረ፤ የቤቱ ወንድ ልጅ በልጅነቱ በላዩ ላይ ቀድቶበት ኖሯል። መምህርቷ ፊልሙን አስቁመው የመጨረሻዋን ስንኝ ቀሪ ከትዝታቸው ሊያሟሉ ቢሞክሩ አልመጣላቸውም።

እንግዲህ ካሴት ካገኙ በመጀመሪያ የሚያደርጉት ይህን ነው። በካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ትር በቢላዋ ጫፍ ይስበሩ። ትሯ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ ላይ አይቀዳም። ቀጥሎ ካሴቱን ወደ ብርሃን አውጥተው በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን ይመልከቱ። እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ዴክ ውስጥ አያስገቡት። ሻጋታው ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል፤ ለሕፃናት ደረትም ጥሩ አይደለም፤ ለብቻው በወረቀት ከረጢት አድርገው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። በተለይ በክረምት ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት የወጣ ካሴት ከመጫወቱ በፊት ሳሎን ውስጥ አንድ ቀን ይደር። እንደ መጽሐፍ ቁሙን ይቀመጥ፤ ማግኔት ካለው ከትልቅ ድምፅ ማጉያ አጠገብ አይቀመጥ።

እስቲ ምን እንዳለበት ልየው ብለው ግን ደጋግመው አያጫውቱት። ያረጀ ክር በመጀመሪያው ዙር ሊበጠስ ስለሚችል የመጀመሪያው ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጥበት ቢሆን ይመረጣል። ልጆችም ፊቷን በደንብ እንይ ብለው ምስሉን እንዳያቆሙት ይንገሯቸው፤ ምስሉ ሲቆም የዴኩ ራስ እየተሽከረከረ ያንኑ አንድ ቦታ ይፍቀዋል። ጊዜውም አጭር ነው። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ የመጨረሻው የዴክ አምራች፣ ሥራውን ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚሠራ ዴክ ያለው ጠጋኝ ነገ መለዋወጫ ላያገኝ ይችላል።

ዴክ ያልነበረንስ? ለሚሉ እናቶች አንድ ነገር ላስታውስ። በብዙ ቤት ቴፕ ሪኮርደር ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ፣ ልጆች ዝም በሉ ተብለው፣ ድምፁ ብቻ በ60 ወይም በ90 ደቂቃ ካሴት ይቀዳ ነበር። እንዲህ ያለውን ካሴት ሲያዳምጡ ከክራሩ ጋር የሙቀጫ ድምፅ፣ የሕፃን ሳል፣ የበር መንኳኳት ይሰማል። ገልባጩ ላጽዳልዎ ቢል እሺ ከማለትዎ በፊት ሳይጸዳ አንድ ቅጂ ያስቀሩ። እኔ ብሆን ያንን ሙቀጫ በምንም አልለውጠውም፤ የወቀጠችው እጅ የእናትዎ ሊሆን ይችላልና።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶችዎንም ይጠይቁ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ለናፍቆት ማስታገሻ የተላከላቸው ካሴት በፓል ሥርዓት የተቀዳ ነበርና የአሜሪካ ተራ ዴክ አያነበውም ነበር። ምናልባትም ተበላሽቷል ተብሎ አንዴም ሳይታይ በመሳቢያ ውስጥ ደህና ሆኖ ቆይቶ ይሆናል።

ከተገለበጠ በኋላ አንዱን ቅጂ ከቤት፣ አንዱን ከዘመድ ዘንድ ያኑሩ፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ወይም ብሔራዊ ቴአትርንም ቢጠይቁ መልካም ነው። ለገበያ ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ካሴቱ ላይ አይገኝም። የየትኛው ዓመት በዓል እንደሆነ፣ ከአስናቀች ጎን የተቀመጠው ማሲንቆ መቺ ማን እንደነበር፣ ያቺ ስንኝ ማንን ለመንካት እንደተጣለች የሚያውቁት የቀዱት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም አርጅተዋል። እሑድ ከሰዓት፣ ቡና ሲፈላ፣ አያትየውን ከቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀምጧቸው፤ ደብተርና እርሳስ ለልጅዎ ይስጡና የሚሉትን ትጻፍ።