ፎቶው በተነሣበት አገር እንዲቀር፦ ከፊልም ወደ ትንሿ ሚረርለስ ካሜራ

የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በፊልም ካሜራ ለሚሠራ ሰው ይህ ርቀት የሥራው አንድ አካል ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም በጨለማ ክፍል፣ በጥቂት ኬሚካልና በንጹሕ ውኃ እዚያው ሊታጠብ ይችላል። የቀለም ፊልም ግን ኬሚካሉ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ሳይዋዥቅ መቆየት ስላለበት የተሟላ ማጠቢያ ያለው ቤት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ቤት ዛሬ በመዲናዋም ብርቅ ሆኗል። ስለዚህ በዞኑ በአበርገሌ ቆላ የተነሣ አንድ ጥቅል ፊልም የአገሩን ሙቀት ችሎ፣ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ፣ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ አንሺው ምን እንደያዘ አያውቅም፤ የተነሣውም ሰው ፊቱን አያይም። ለዓመታት በፊልም የሠራ የዋግ ኽምራ ፎቶ አንሺ ወደ ትንሿ ሚረርለስ ካሜራ ቢሻገር የሚያተርፈው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ከማንሳት እስከ ማተምና ማስቀመጥ ያለው ሥራ ሁሉ በእጁና በአገሩ ይቀራል። ይህ ትርፍ የሚገኘው ግን ፊልም ያስተማረውን ጥንቃቄ ይዞ ሲሻገር ነው።

መሣሪያውን ለመረዳት ከቀድሞው መነሣት ይሻላል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚሠራ የተለመደ ካሜራ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 በተመረተው ፔንታክስ ኬ1000፣ ብርሃን በሌንሱ ገብቶ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስተዋት ላይ ያርፋል። መስተዋቱ ምስሉን ወደ ላይ ወደ ፕሪዝሙ፣ ፕሪዝሙም ወደ ዓይን ይመልሰዋል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ተስፈንጥሮ ይነሣል፣ ከኋላው ያለው ሻተር የተባለ መጋረጃ ይከፈታል፣ ፊልሙ ብርሃን ያገኛል። ዲጂታል ሲመጣ በፊልሙ ቦታ ሴንሰር ገባ እንጂ መስተዋቱና ፕሪዝሙ ለብዙ ዓመታት አልተነኩም ነበር። ሚረርለስ ሁለቱንም አስወጣቸው። ሴንሰሩ ሌንሱ የሚያሳየውን ያለማቋረጥ ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ከኋላ ወዳለው ስክሪን ወይም በዓይን መስኮቱ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ስክሪን ይልካል። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጂ1 ይህን መንገድ ለሰፊው ገበያ ከፈተ፤ ሶኒና ፉጂፊልም ተከተሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ካኖንና ኒኮን ባለ ትልቅ ሴንሰር ሚረርለሶቻቸውን ይዘው ገቡ። ለውጡ በክብደት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ6000 ከነባትሪው 344 ግራም ሲሆን ኬ1000 ያለ ሌንስ 600 ግራም ያልፋል። የዋግን ዳገትና ቁልቁለት በእግሩ ለሚሄድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መስተዋቱ መውጣቱ ለፊልም ሰው አንድ ያልታሰበ ስጦታ ይዞ መጥቷል፤ አሮጌ ሌንሶቹን ያድንለታል። መስተዋቱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሚያስፈልግ በፔንታክስ ካሜራ የሌንሱ መቀመጫ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ይርቃል። በትንንሾቹ ሶኒዎች ይህ ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመካከል የሚቀረውን 27 ሚሊ ሜትር ግድም የሚሞላው አዳፕተር የሚባል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ካሜራው ላይ ይታሰራል፣ አሮጌው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቀለበቱ ላይ ይገጠማል፣ ከዚያ በኋላ አፐርቸሩም ፎከሱም እንደ ድሮው በጣት ይዞራል። ዓይን የደከመበት ሰው እንኳ አይቸገርም፤ ፎከሱ የጠራበት ጠርዝ በስክሪኑ ላይ በቀይ ወይም በቢጫ መስመር ይደምቃል፣ ከተፈለገም የተነሺዋ ዓይን ብቻ ጎልቶ እንዲታይ ምስሉን ማቅረብ ይቻላል። አንድ ነገር ግን ማወቅ ይገባል። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሚያንስ የ50ው ሌንስ እይታ እንደ 75 ጠብቦ ይታያል። ለጉርድ ፎቶ ይህ ጥሩ ነው፤ ለገበያና ለመልክዓ ምድር ግን ሰፋ ያለ ሌንስ ያስፈልጋል።

የብርሃኑ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ መማርን ይጠይቃል። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣና በዙሪያዋ የሚከበረውን ሻደይን እንውሰድ። ልጃገረዶቹ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። ሰማዩ የክረምት ነው፤ ደመናው ይቆይና ድንገት ፀሐይ ብልጭ ትላለች። በአንድ ፎቶ ውስጥ ነጭ ቀሚስ፣ ጠይም ፊትና ጥቁር ሹሩባ ይገናኛሉ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲስብ የተሠራ ስለሆነ ቀሚሱ ሲበዛበት ፊቱን ያጠቁረዋል። የቀለም ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፣ ሲያንሰው ግን ያጣል፤ የፊልም ሰው ለጥላው ለክቶ ትንሽ መጨመር የለመደው ለዚህ ነው። ሴንሰር ተቃራኒ ጠባይ አለው። ብርሃኑ ሲያልፍበት የቀሚሱ ጥልፍ ባዶ ነጭ ይሆናል፣ ምንም እርማት አይመልሰውም፤ ከጥላው ግን፣ በተለይ ፎቶው ሮው በተባለው ያልተነካ ፋይል ከተያዘ፣ ብዙ ነገር ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ ሚረርለስ አስተማሪ ይሆናል። ቁልፉ ከመጫኑ በፊት የፎቶው ድምቀት በዓይን መስኮቱ ይታያል፣ ብርሃን ያለፈበት ቦታ በሰረዝ ምልክት ይጠቆማል። አንሺው ጥልፉ እስኪመለስ ድረስ በጣቱ ቀነስ ያደርጋል፣ ፊቱን በኋላ ያወጣዋል። ጠይም ፊትን በትክክል ማውጣት ደግሞ ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው። ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ያድለው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለአሥርት ዓመታት ነጭ ሴት ብቻ የታየችበት ነበር፤ የፊልሙም ቀለም የተቃኘው ለእሷ ቆዳ ነው። ዛሬ ቅኝቱን የሚወስነው የተነሣችውን ልጅ ፊት ከፎቶው ጎን ቆሞ የሚያይ የአገሯ ሰው ሊሆን ይችላል።

በጨለማ ቦታም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ከዐለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃን የሚገባው በጥቂቱ ነው። ፍላሽ የቅዳሴን ጸጥታ ይሰብራል። የብርሃን ትብነቱ 400 አይኤስኦ የሆነ ፊልም አንድን ትዕይንት ለመያዝ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ጊዜ ከጠየቀ፣ በ3200 አይኤስኦ የሚሠራ ሴንሰር ያንኑ በሰከንድ አንድ ስድሳኛ ገደማ ይይዘዋል፤ የመጀመሪያው በእጅ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለተኛው ይጠራል። መስተዋት ስለሌለም፣ ኤ6000 ባይሆንም፣ አንዳንድ ሚረርለሶች ድምፅ አልባ ሆነው መሥራት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ድምፅ አልባው ሻተር ሴንሰሩን መስመር በመስመር ስለሚያነብ የጭፈራን ፈጣን እንቅስቃሴ ያጣምማል፣ በአንዳንድ አምፖል ሥርም ጥቁር ሰንበር ያሳያል። ለቅዳሴ ድምፅ አልባውን፣ ለሻደይ መደበኛውን ሻተር መጠቀም ይገባል።

ፊልምን የሚወዱ ሰዎች የሚያነሷቸው ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። 36 ፎቶ ብቻ ያለው ሰው አይቶና አስቦ ያነሣል፤ ሺህ ፎቶ የሚይዝ ካርድ ግን እጅን ያባልጋል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ትዕግሥት የተቀረጸው በሰውየው ልማድ ውስጥ ስለሆነ ካሜራ ሲለወጥ አብሮት ይሻገራል፤ በፊልም የተገራ አንሺ ከአዲስ ጀማሪ የሚበልጠውም በዚህ ነው። ስልክ አይበቃም ወይ የሚሉም አሉ። ለወዳጅ ለመላክ ይበቃል፤ ሆኖም የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር ከስልክ ሴንሰር በስፋት ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በደብዛዛ ብርሃንና በትልቅ ኅትመት ላይ ልዩነቱ ይወጣል። መብራት በሌለበትስ? ይህ ጥያቄ በሰሜኑ ጦርነት ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ለተቋረጠበት ዞን እጅግ ተገቢ ነው፤ ኬ1000 ያለ ባትሪ እንኳ ፎቶ ያነሣል፣ ሚረርለስ ግን ባትሪው ሲያልቅ ይቆማል። ይሁንና የኤ6000 አንድ ባትሪ 300 ገደማ ፎቶ፣ ማለትም ስምንት ጥቅል ፊልም ያህል ያነሣል፤ ስልክ በሚሞላበት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳም ሊሞላ ይችላል። በፊልም ልክ ለሚያነሣ ሰው ሁለት ትርፍ ባትሪ ብዙ ቀን ያሠራል። የአበርገሌ አቧራ ግን የበለጠ ያሳስባል። ፊልም ላይ ያረፈ ብናኝ ፊልሙ ሲጠመጠም አብሮ ይሄዳል፣ የሚጎዳውም አንድን ፎቶ ነው። ሴንሰር ላይ ያረፈው ግን እስኪጸዳ ድረስ በየፎቶው ላይ ይታያል። በሜዳ ላይ ሌንስ አለመቀየር፣ ግድ ከሆነም ነፋስን ተከልሎ የካሜራውን አፍ ወደ ታች አድርጎ መቀየር ነው መፍትሔው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመሰንበት ጉዳይ ነው። የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያነሡት ዛሬም ይታያል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፈር የነበሩት ሺመልስ ደስታ ያቆዩት ሥራ ከአብዮቱ ተርፎ ለዕይታ በቅቷል። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተሰኘው መጽሐፍ ደግሞ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች የተሠራ ነው። በአንጻሩ ስልክ ሲሰረቅ ወይም ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ የዓመታት ፎቶ በአንድ ቀን ይጠፋል። ተቃውሞው የሚያሳየው ግን የአያያዝን ጉድለት ነው። ኔጋቲቭ አንድ ነው፤ ከተቃጠለ ምትክ የለውም። ዲጂታል ፋይል ግን ቅጂው ከዋናው አይለይም፤ አንዱ ሰቆጣ፣ ሌላው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢቀመጥ የአንዱን ቦታ ጥፋት ሌላው ይተርፈዋል። ገበሬ ከሚበላው እህል ዘሩን ለይቶ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ አንሺውም ከብዙው ፎቶ ምርጡን መርጦ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ፣ በሁለት ዲስክ ሊያስቀምጥና ዋና ዋናውን በወረቀት ሊያሳትም ይገባል። በፊልም ጊዜ እያንዳንዱን ኔጋቲቭ በፖስታ ከትቶ ስም የጻፈ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም።

የዚህ ሁሉ ክብደት የሚታወቀው የአካባቢውን የምስል ታሪክ ስናስታውስ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸውንና ማይክል በርክ የዘገበበትን የኮረምን ረኃብ ለዓለም አሳየ። ኮረም ከዋግ የራቀ አይደለም፤ ከዋግ በእግሩ የመጣ ሕዝብ የተጠለለበት ነበር። ያ ምስል ዓለምን አነሣስቷል፣ ሕይወትም አድኗል፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን የተቀረጹት ሰዎች ምስላቸውን አላዩትም፣ የትኛው እንደሚታይ አልመረጡም፣ ቅጂውም በእጃቸው አልቀረም፤ ከዚያም ወዲህ አገሩ በውጭ ሰው ዓይን የሚታወቀው በአብዛኛው በችግሩ ነው። የሻደይን ጭፈራ፣ የአበርገሌን ፍየል ጠባቂ፣ በተከዜ ግድብ ኃይቅ ዓሣ የሚያሰግሩትን ወጣቶች በየዓመቱ እያነሣ የሚያከማች ሰው ከዚያው ከአገሩ መገኘት አለበት። በፊልም ለሚሠራ ይህ ሥራ ለአንድ ጥቅል የቀለም ፊልም እንኳ ከሰቆጣ እስከ መዲናዋ መላላክን ይጠይቅ ነበር። አሁን ግን 344 ግራም የምትመዝን ካሜራ፣ አንድ አሮጌ ሌንስ ከነአዳፕተሩ፣ ኮምፒውተር፣ ሁለት ዲስክና በከተማው ያለ ፎቶ ማተሚያ ይበቃሉ። የፊልም ካሜራውን መጣል አያስፈልግም፤ ለጥቁርና ነጭ ሥራ ይቆይ። ዕለት ዕለት የሚሠራውን ግን ወደ ሚረርለስ ማዞር፣ የተነሣውንም ሰው እዚያው አሳይቶ አንድ ወረቀት በእጁ መስጠት፣ ለዋግ ኽምራ የራሷ የሆነ የምስል መዝገብ ለመጀመር ዛሬ ያለው አጭሩ መንገድ ነው።