የስፖርት ኳድ ተነቃይ ቦርሳና የምርጫው መመዘኛ

ኳድ በመባል የሚታወቀው ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክል እንደ አገልግሎቱ በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። የመጀመሪያው ለእርሻና ለመሳሰለው ተግባር የሚውለው የሥራ ኳድ ሲሆን፣ ከፊትና ከኋላ ዕቃ የሚታሰርበት የብረት ፖርቶመጋላ አለው። ሁለተኛው ለእሽቅድምድምና ለአሸዋ ላይ ግልቢያ የተሠራው የስፖርት ኳድ ነው፤ ቅልጥፍናውን የሚቀንስ ክብደት በተቻለ መጠን እንዲወገድለት ስለተፈለገ ግን የዕቃ መጫኛ አልተሠራለትም። ሱዙኪ በ1985 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ኤልቲ250አር ጀምሮ ያማሃ በ2006 እ.ኤ.አ. እስካወጣው ራፕተር 700 ድረስ ይህ የአሠራር ልማድ አልተለወጠም። ስለዚህም ለእንዲህ ያለው ኳድ ቦርሳ ሲመረጥ ከስፋቱ በፊት የሚታየው የሚታሰርበት ቦታና አስተሳሰሩ ነው።

ቦርሳው በነዳጅ ታንኩ ላይ፣ በመሪው ፊት ወይም ከመቀመጫው በስተኋላ ሊታሰር ይችላል። በመሪው ላይ የሚታሰረው መሪው በተዞረ ቁጥር አብሮ ስለሚዞር ከቀላል ዕቃ በላይ አይሸከምም፤ በታንኩ ላይ የሚቀመጠውም ነጂው ቆሞ ወደ ፊት ሲያዘነብል እንዳያደናቅፈው ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የኋላው ቦታ ነው፤ ሆኖም ነጂው ቁልቁለት ሲወርድ ሰውነቱን ወደ ኋላ ስለሚያሸሽ፣ ቦርሳው የመቀመጫውን ጫፍ ሊሻማ አይገባውም። ማሰሪያዎቹም ሸክም እንዲችል ባልተሠራው የፕላስቲክ ፓራፋንጎ ሳይሆን በኋላው የብረት መያዣ ወይም በሻንሲው ላይ መጠምጠም አለባቸው። ሁለት ማሰሪያ ብቻ ያለው ቦርሳ ወደ ጎን መወዛወዙ ስለማይቀር በአራት ማዕዘን የሚወጠረው ይመረጣል።

በዚህ በኋላው ቦታ ሁለት አደጋዎች አሉ። ማርሚታው ከኋላ በቅርብ ርቀት ስለሚገኝ፣ ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት የሚቀልጠው የናይለን ጨርቅ ሊነካው አይገባም። ከማሰሪያው የተረፈው ጭራም ተጠቅልሎ ካልታሰረ ወርዶ በካቴናው ወይም በሚሽከረከረው የኋላ አክስል ሊጠመጠም ይችላል።

የጨርቁ ጥንካሬ በአብዛኛው በዴኒየር ይገለጻል። ዴኒየር 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ሲመዘን የሚገኘው ቁጥር ስለሆነ፣ 1,000 ዴኒየር የተባለው ጨርቅ ክሩ በዚህ ርዝመት 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ወፍራም ክር መፋተግን ይቋቋማል እንጂ ውኃን አይከለክልም፤ ውኃውን የሚያግደው በጨርቁ ላይ የሚቀባው ሽፋን ነው፤ ይህም ቢሆን ስፌቱና ዚፑ ክፍት በር ሆነው ይቀራሉ። አሸዋ የዚፕን ጥርስ ስለሚያጣብቅ፣ በበረሃ ለሚነዳ ሰው አፉ ተጠቅልሎ በዘለበት የሚዘጋው ቦርሳ ይሻላል።

ተነቃይ መባሉ ትርጉም የሚኖረው ማሰሪያው በኳዱ ላይ ቀርቶ ቦርሳው ብቻውን በቀላሉ ሲነሣ ነው። ስለዚህ ዘለበቱ ጓንት ባጠለቀ እጅ የሚከፈት፣ በንዝረት ግን የማይላቀቅ መሆኑ ከመገዛቱ በፊት መፈተሽ አለበት።

የመፍቻ ቁልፎች፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የጎማ መድፈኛ፣ አነስተኛ መንፊያ፣ መጎተቻ ገመድ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫና 2 ሊትር ውኃ ለአንድ ቀን ጉዞ በቦርሳው ከሚያዙት ዕቃዎች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ውኃው ብቻውን 2 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ከቁልፎቹ ጋር ከታች፣ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ቀላሉ ከላይ ይደረባል። ዕቃው በንዝረት ሲጠጋጋ ማሰሪያው ስለሚላላ፣ ጉዞው እንደተጀመረ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተነድቶ ቆሞ እንደገና መወጠር ያስፈልጋል። ትልቅ ቦርሳ የማያስፈልገውን ሁሉ ማስጫኑ አይቀርምና፣ ለስፖርት ኳድ የሚበጀው እነዚህን ብቻ የሚይዘው ትንሹ ቦርሳ ነው።