ሳይጠሩት የሚከፈት ፋይል

ኤክሴል በተከፈተ ቁጥር ማንም ያልጠራው ፋይል አብሮ ብቅ ሲል፥ ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ብሎ ይሠጋል። ምክንያቱ ግን ይህ ነው፤ ኤክሴል ሥራ ሲጀምር ‹ኤክስኤልስታርት› በሚባለው ፎልደር ያለውን ፋይል ሁሉ ይከፍታል። ስለዚህ ኤክሴልን ዘግቶ፥ ፎልደሩን በስሙ ፈልጎ፥ ያልተፈለገውን ፋይል ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ነው። የሚጠቅም ሥራ ሊኖርበት ስለሚችል ወዲያው ማጥፋት አይገባም።

በዚያ ካልተገኘ፥ ከ‹ፋይል› ወደ ‹ኦፕሽንስ›፥ ከዚያም ወደ ‹አድቫንስድ› ገብቶ፥ ‹ጄነራል› ከሚለው ሥር የተጻፈውን የፎልደር አድራሻ መሰረዝ ነው።

ነገሩ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታየው ‹ላሩ› የተባለው ቫይረስ በዚሁ ፎልደር ተደብቆ ሌሎችን ሠንጠረዦች ይበክል ነበር። እንግዲህ የመምህሩ የውጤት መዝገብም ሆነ የወላጅ ሒሳብ እንዳይበላሽ፥ ባለቤቱ ያልታወቀውን ፋይል በፀረ ቫይረስ ማስመርመር ይገባል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።