ፈጣን መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ

ባለ ስድስት መቶ ፈረስ ጉልበት መኪና የገዛ ሰው ጉልበቱን መሞከር ቢያምረው አይፈረድበትም። መኪናው የተሠራው ለዚያ ነው፤ ሻጩም የሚያሞግሰው በዚያ ነው። ቆሞ ከነበረበት ተነስቶ በሦስትና በአራት ሴኮንድ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲገባ የሚሰማው ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው። ጥያቄው ይህን ደስታ የት ያውጣው የሚለው ነው። በየአገሩ ያሉ የስፖርት መኪና ባለቤቶች ስለዚህ ሲጠየቁ መልሳቸው ይመሳሰላል፦ «መኪናዬ ይችላል፣ እኔም መንዳት አውቃለሁ፣ መንገዱ ደግሞ በሌሊት ባዶ ነው።» ሦስቱም በሕዝብ መንገድ ላይ አያዋጡም። ለምን እንደማያዋጡ በደንብ ያሳየው በርሊን ላይ የደረሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2016 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ኩርፉርስተንዳም በሚባለው ታዋቂ የበርሊን ጎዳና ሁለት ወጣቶች ተገናኙ። አንዱ አውዲ፣ ሌላው መርሴዲስ ይነዳል። መሽቀዳደም ጀመሩ። የጎዳናው የፍጥነት ወሰን 50 ነው። ቀይ መብራቶችን እየጣሱ ከትልልቆቹ መደብሮች አጠገብ ካለው መስቀለኛ መንገድ ሲደርሱ የአውዲው ፍጥነት ከ160 አላነሰም። በዚያው ቅጽበት ከጎን በኩል አንድ ጂፕ አረንጓዴ በርቶለት ወደ መስቀለኛው ገባ። የሚያሽከረክሩት የ69 ዓመት ጡረተኛ ናቸው። አውዲው ከጎን ገጫቸው። ጂፑ 70 ሜትር ገደማ ተወረወረ፤ ሰውየው እዚያው ሞቱ።

በ2017 የበርሊን ፍርድ ቤት ሁለቱንም በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው። በጀርመን የመንገድ ላይ እሽቅድምድም እንደ ነፍስ ግድያ ሲቆጠር ያ የመጀመሪያው ነበር። በ2018 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱ ልብ ሊባል ይገባል፦ የታችኛው ፍርድ ቤት ሾፌሮቹ ሰው ሊሞት እንደሚችል አውቀው ተቀበሉ ያለው መስቀለኛው መንገድ ውስጥ ሲገቡ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ፍሬን ቢይዙም ግጭቱ አይቀርም ነበር። ማለትም ሰውየውን የገደለው ውሳኔ የተወሰነው ጂፑ ከመታየቱ በፊት ነው። ጉዳዩ እንደገና ታየ። በ2020 የአውዲው ሾፌር የዕድሜ ልክ ፍርድ ጸና፤ ሌላው በ2021 በነፍስ ግድያ ሙከራ 13 ዓመት ተፈረደበት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምክንያት እንምጣ፦ መኪናዬ ይችላል።

መኪና የሚቆመው በሁለት ደረጃ ነው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ገደማ ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ እየሄደ ነው። ፍሬኑ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ50 ፍጥነት በአንዷ ሴኮንድ 14 ሜትር ይኬዳል፤ በ160 ደግሞ 44 ሜትር። መኪናው የሚሊዮን ብርም ሆነ የመቶ ሚሊዮን ብር ይህን 44 ሜትር ማሳጠር አይችልም፤ የሰው ዓይንና እግር ከመኪናው ጋር አብረው አይሻሻሉም። ከዚያ በኋላ የስፖርት መኪና ፍሬን ከተራ መኪና ፍሬን በእርግጥ ይበልጣል። ቢሆንም እጅግ ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና እንኳ ከ160 ላይ ለመቆም ከዚያች ሴኮንድ ጋር 140 ሜትር ገደማ ይፈጅበታል።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያምነውን አንድ ስሌት እዚህ ላስቀምጥ። ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች በደረቅ አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ በ50፣ ሌላው በ70። አንድ ሕፃን ከፊታቸው ዘሎ ገባ፤ ሁለቱም ሾፌሮች እኩል አዩት፤ እኩል ፍሬን ያዙ። በ50 ይሄድ የነበረው 26 ሜትር ላይ፣ ከሕፃኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። በ70 ይሄድ የነበረው እዚያው 26 ሜትር ላይ ሲደርስ ገና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ነው። የወሰደው ተጨማሪ ፍጥነት 20 ብቻ ነበር፤ የቀረው ግን 60 ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የግጭቱ ኃይልም እንዲሁ ነው። በ50 ፍጥነት ከግድግዳ ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። በ160 መጋጨት ደግሞ ከ100 ሜትር መውደቅ ነው፤ አዲስ አበባ ካለው የ209 ሜትሩ የንግድ ባንክ ሕንፃ ወገብ ላይ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መኪና ከፊት የመታው እግረኛ የመሞት ዕድሉ፣ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ 4.5 እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል።

ሁለተኛው ምክንያት ችሎታ ነው። እዚህ ላይ «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» በተባሉት የእሽቅድምድም ፊልሞች በዓለም ሁሉ የታወቀው ፖል ዎከር የሞተበትን አደጋ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ዎከር አልነዳም፤ ከጎን ተቀምጦ ነበር። የሚነዳው ጓደኛው በእሽቅድምድም ሜዳ ልምድ ያለው ሰው ነው። መኪናው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ፣ ከ600 ፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ነው። መንገዱ የመሥሪያ ቤቶች አካባቢ ሰፊ መንገድ ነው፤ የተፈቀደው ፍጥነት 72 ገደማ። መርማሪዎቹ እንዳሉት መኪናው ከ130 እስከ 150 ባለው ፍጥነት ላይ ነበር። መጠጥ የለም፣ ዕፅ የለም፣ ሌላ መኪና አልገባበትም። ከመንገድ ወጣ፣ ከምሰሶና ከዛፍ ጋር ተጋጨ፣ ተቃጠለ። ሁለቱም ሞቱ።

በምርመራው ውስጥ እያንዳንዱ የስፖርት መኪና ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የመኪናው ጎማዎች ከተመረቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር። ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ የሚቆም መኪና ጎማው አያልቅም፤ ጥርሱ አዲስ ይመስላል። ላስቲኩ ግን ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ መንገዱን የመያዝ አቅሙም ይደክማል። የጎማውን ጎን ብታዩ በአራት አሃዝ የሚያልቅ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 2419 ቢል ጎማው የተሠራው በ2019 ሃያ አራተኛ ሳምንት ነው ማለት ነው። ልምድ ያለው ሹፌር መሪውን እንደ ልቡ ያዞራል፤ የደረቀ ጎማን ግን በልምድ ማለስለስ አይቻልም።

«መንገዱ ባዶ ነው» የሚለውን ሦስተኛውን ምክንያት ከሁሉ የከፋ አድርጌ አየዋለሁ፤ ስህተቱ ቶሎ አይታይምና። መንገድ የሚሠራው በግምት ነው። ከመጋቢ መንገድ የሚወጣ ሾፌር ቀና ብሎ 150 ሜትር ርቀት ላይ መብራት ያያል። መንገዱ የ50 መንገድ ስለሆነ ያ መኪና እስኪደርስ ከ10 ሴኮንድ በላይ አለኝ ብሎ ይወጣል። ትክክል ነው፣ ሕጉም ልማዱም ከእሱ ጋር ነው። የሚመጣው ግን 160 ላይ ከሆነ ያለው ጊዜ 3 ሴኮንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። በጨለማ ውስጥ ከሚታይ መብራት ደግሞ የመኪናውን ፍጥነት መገመት ለማንም ከባድ ነው። የበርሊኑ አዛውንት ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ ሌላው ሰው የመንገዱን ስምምነት ብቻውን ቀይሮባቸው ነው። በእሽቅድምድም ሜዳ የገባ ሁሉ ወዶና አውቆ ነው የገባው። መንገድ ላይ ያለው ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም።

እኛ ዘንድ ይህ ነገር የባሰ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። መብራቱ በጠፋበት ጎዳና ጠቆር ያለ ልብስ ለብሶ የሚሻገር የሌሊት ዘበኛ፣ ድልድዩ ስለራቀው የቀለበት መንገዱን አካፋይ ዘሎ የሚያልፍ የቀን ሠራተኛ፣ ለቅዳሴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነጠላ ተከናንበው የሚወጡ እናቶች፤ ባዶ ነው የሚባለው መንገድ የእነዚህ ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ ጀርመኖች አውቶባን ላይ ያለ ወሰን ይነዱ የለም ወይ?» ይላል። ይነዳሉ፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። ወሰን የሌለው በተወሰኑ ክፍሎች ላይ ነው። እዚያም ቢሆን የሚመከረው ፍጥነት 130 ነው። ከ1992 ወዲህ የአገሪቱ ፍርድ ቤት ባጸናው መርህ መሠረት፣ ከ130 በላይ ሲሄድ የተጋጨ ሰው ጥፋቱ የሌላው ቢሆንም እንኳ ከኪሳራው ድርሻ ሊጫንበት ይችላል። መንገዱ ራሱም ለዚያ የተሠራ ነው፦ መስቀለኛ የለውም፣ እግረኛና ብስክሌት አይገቡበትም፣ ከፊት የሚመጣው መኪና በአጥር ተለይቷል። መሽቀዳደም ደግሞ እዚያም ክልክል ነው። ከበርሊኑ አደጋ በኋላ በ2017 በወጣው ሕግ እሽቅድምድም በገንዘብ ቅጣት ብቻ የሚታለፍ የደንብ ጥሰት መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ሆኗል። ብቻውን ሆኖ በግድየለሽነት የመጨረሻውን ፍጥነት ለማውጣት የሚሞክርም ይከሰስበታል። ሰው ከሞተ እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል፤ መኪናውም ሊወረስ ይችላል።

መኪና መውረስ በእኔ እይታ ከሁሉ የሚሻለው ቅጣት ነው። ሀብታም ሰው የገንዘብ ቅጣትን እንደ መኪና ማቆሚያ ክፍያ ሊቆጥረው ይችላል። ዴንማርክ ይህን ቀዳዳ በ2021 መኪና በመውረስ ዘጋችው። በዚያው ዓመት አንድ ነዋሪነቱ ኖርዌይ የሆነ ሰው ጀርመን ሄዶ ላምቦርጊኒ ገዛ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዴንማርክ ውስጥ በ236 ፍጥነት ተያዘ። በገዛ በሰዓታት ውስጥ መኪናው ተወረሰበት። ፊንላንድ ደግሞ ቅጣቱን በገቢው ልክ ትቆርጣለች፤ በ2023 አንድ ባለሀብት በ50 መንገድ ላይ 82 ሲነዳ ተገኝቶ 121,000 ዩሮ ተቀጥቷል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዋሽንግተን ዙሪያ ስለሚኖሩ የቨርጂንያን ሕግ ማወቅ ይጠቅማቸዋል። እዚያ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ወሰኑን በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። በግድየለሽ አነዳድ የሚያስከስስ ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያደርሳል። ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰው በወንጀል መዝገብ ላይ ስሙ መግባቱ ምን እንደሚያስከትልበት አስቀድሞ ያስብ።

ታዲያ ፍጥነቱ የት ይውጣ? ሜዳ አለ። ጀርመን የሚገኘው ኑርቡርግሪንግ በ1927 የተከፈተ ነው፤ የሰሜኑ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ከፍሎ በራሱ መኪና ይገባል፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ለዋሽንግተን ነዋሪ ምዕራብ ቨርጂንያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የተባለው ሜዳ አለ። ባሕረ ሰላጤው ላሉት ዱባይ አውቶድሮምና አቡ ዳቢ ያለው ያስ ማሪና አሉ። በአሜሪካ የፖርሽ ባለቤቶች ክለብን የመሳሰሉ ማኅበራት ለጀማሪ ከጎኑ አስተማሪ አስቀምጠው የሚያስነዱበት ቀን ያዘጋጃሉ። ሄልሜት ይደረጋል፣ መኪናው አስቀድሞ ይፈተሻል፣ በየመታጠፊያው ባንዲራ የያዘ ሰው ይቆማል፣ አምቡላንስ ዝግጁ ነው። ከመንገድ የወጣ መኪና የሚያርፍበት ጠጠርና ባዶ ሜዳ አለ። ሜዳም ቢሆን ይገድላል፤ ኑርቡርግሪንግ ላይ የሞቱ አሉ። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎችም በሜዳ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ። ነገር ግን እዚያ አደጋ ላይ የሚወድቀው አውቆ የገባ ሰው ነው።

እናም የስፖርት መኪና ያላችሁ፣ ወይም ለመግዛት የምታስቡ፦ የመጀመሪያውን የሜዳ ቀን ከአስተማሪ ጋር ያዙ፤ የዋጋው ትልቅ ክፍል የተከፈለው እዚያ ለሚገኘው ደስታ ነው። የጎማችሁን አራት አሃዝ ዛሬ አንብቡ። በመንገድ ላይ ደግሞ አንድ ሰው አጠገባችሁ መጥቶ ሞተሩን ቢያስጮህባችሁ አሳልፉት።